ያልነጣው ጥርስ

ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረጃ ልታጥብ ባልዲዋን ይዛ የወጣችው የጽዳት ሠራተኛ፣ ከሁለተኛው ፎቅ በታች ባለው ማረፊያ ላይ የተከመረ ልብስ ያየች መሰላት። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ጨርቅ ታቅፋ ስትወጣ ስትወርድ አንዱን ጥላ መሄዷ የተለመደ ነው። ጎንበስ ብላ ላንሳው ስትል እጅ ነካች።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ከባልዲው የፈሰሰው ውኃ ገና አልደረቀም ነበር። ሟቿ ያቺው ልብስ ሰፊ፣ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት። የሕንጻው ሰው ሁሉ ስሟን ትቶ "ሳቂታ" ነበር የሚላት። ሠርጓ ሊደርስ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። ክፍሏ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው፤ የራሷ ቬሎ እጅጌው ሳይገጠም ከስፌት መኪናው አጠገብ ተሰቅሏል፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ተቀምጧል።

አብሮት የመጣው ፖሊስ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማዋን አይቶ አዳልጧት ይሆናል አለ። ኢንስፔክተሩ ተንበርክኮ ፊቷን ያያል። አንገቷ ተሰብሯል፤ ያንን ደረጃው ሊያደርገው ይችላል። ጉንጮቿ ላይ ያሉትን ቀያይ ምልክቶች ግን ደረጃ አያወጣቸውም። በአንዱ በኩል የአውራ ጣት፣ በሌላው በኩል የሦስት ጣት ምልክት ነው። መድኃኒት አልውጥም ያለ ሕፃን አፉ የሚያዘው እንደዚያ ነው። የሆነ ሰው ይህችን ሴት በግድ አፏን አስከፍቷታል።

ምን ሊያይ? ኢንስፔክተሩም በባትሪ አየ። ጥርሶቿ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነጭ ናቸው። ሁለቱ የፊት ጥርሶች ጫፍ ጫፋቸው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል፣ ከቀሪው የባሰ የነጣች ነጥብ አለች። ማስታወሻው ላይ ጻፋት።

ከበታች የሚኖሩት ጡረተኛ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰምተዋል፤ ሬዲዮ ላይ ዜና ሲጀምር ስለሆነ ሰዓቱን አይስቱትም። ስፌት መኪናውን የምታዛውር መስሏቸው ድምፁን ከፍ አደረጉት።

በማግስቱ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለ። ከሁለቱ የፊት ጥርሶች አንዱ ሰው ሠራሽ ነው፣ ሴራሚክ። "እኔም በመሣሪያ ቆርቁሬው ነው የለየሁት" አለ። "የሠራው ሰው እጁ ይባረክ። ደግሞ ገና መግባቱ ነው፤ የተያዘው በጊዜያዊ ማጣበቂያ ነው።" የጣቶቹም ምልክት ጓንት ያደረገ ሰው መሆኑን ይናገራል፤ የጥፍር ጭረት የለውም።

ኢንስፔክተሩ ስለ ጥርሱ ለማንም እንዳይናገር አስጠነቀቀው።

*

የሳቂታ እናት አንደበታቸው ተይዞ ነበር። ሐኪም ማስታገሻ ወግቷቸው ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ስለዚህ ኢንስፔክተሩ እሑድ ጠዋት መጀመሪያ የሄደው እጮኛዋ ዘንድ ነው።

እጮኛዋ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ክሊኒኩ ከሳቂታ ቤት በእግር አምስት ደቂቃ አያስኬድም። አስከሬኑን አላየም፤ እንደዚያ ሆና ማየት አልችልም ብሎ የለየላት አጎቷ ነው። ዓይኑ አብጧል፣ ሸሚዙ ግን ተተኩሷል። ኢንስፔክተሩን ወንበር ስቦ አስቀመጠው፣ ውኃ ቀዳለት፣ ሲጠየቅም ሳያንገራግር መለሰ። ለመጨረሻ ጊዜ ያያት ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ስለ አዳራሹ ልታማክረው ደውላለታለች። ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አንዲት የባንክ ሠራተኛ ጥርስ ሲያነጣ ነበር፤ መጠየቅ ይቻላል።

ኢንስፔክተሩ እዚያው ቁጭ ብሎ ለባንክ ሠራተኛዋ ደወለ። አዎ፣ ወንበሩ ላይ ነበርኩ፣ ዶክተሩም ነበረ አለች።

ሐኪሙ ለሠርጉ ስጦታ ብሎ ባለፈው ወር የሳቂታንም ጥርስ ሦስት ጊዜ እንዳነጣላት ተናገረ። የሐሙሱን ፎቶግራፍ ኮምፒዩተሩ ላይ አሳየው፣ አንድ ቅጂም አተመለት። ጥርሶቿ እንደ ወረቀት ነጥተዋል፤ ከፊት ያለው አንዱ ብቻ የሻይ ቀለም ይዞ ጉብ ብሏል።

"ይኼኛው ሴራሚክ ነው" አለ ሐኪሙ። "የተፈጥሮ ጥርስ ይነጣል፣ ሴራሚክ አይነጣም። በነበረበት ይቀራል። ሌላው ሲነጣ ጊዜ ጉዱ ወጣ።"

"አልቀየሩላትም?"

"ልቀይርልሽ አልኳት። ቆይ አለችኝ።" ቀጠለና፣ ማን እንደሠራው ኢንስፔክተሩ ማወቅ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀ። ከስምንት ዓመት በፊት ሳቂታ አንድ ጥርስ ሠሪ ትወድ ነበር። ብስክሌቱ ላይ ከኋላ አፈናጦ ሲወስዳት ወደቁ፤ ጥርሷ ተሰበረ፤ ምትኩን በገዛ እጁ ሠራላት። ከዚያ ተለያዩ፣ እሱም ሌላ አገባ። "ሰውየው ግን ከልቡ አልተዋትም" አለ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በሰው ላይ መናገር አልወድም። ከጠየቁኝ ግን እሱን ይጠይቁት ነው የምልዎት።"

ኢንስፔክተሩ ስለ አዲሱ ጥርስ ትንፍሽ ሳይል አመስግኖ ወጣ።

*

የጥርስ ሠሪው ወርክሾፕ ከቤቱ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። መስኮቱ ሥር ትንሽ ድስት የምታህል ምድጃ፣ በየመደርደሪያው የጀሶ መንጋጋ፣ ጠረጴዛው ላይ በቀለም ቅደም ተከተል የተሰካኩ ናሙና ጥርሶች። ሚስቱ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ሰውየው መርዶውን ሰምቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ሦስት ዓመት ሆኖኛል ካየኋት" አለ።

ኢንስፔክተሩ የናሙና ጥርሶቹን ጎተት አደረጋቸው። ከሁሉ የነጣው ቦታውን ለቆ ለብቻው ተቀምጧል።

"ሐሙስ ዕለት አፏ ውስጥ የነበረው ጥርስ ቡናማ ነው፣ ፎቶው እጄ ላይ አለ። ቅዳሜ ስትሞት የነበራት ነጭ ነው። አንተ ካልሆንክ ማን ሠራው?"

ሰውየው ያየው ኢንስፔክተሩን አይደለም፣ ሚስቱን ነው። ያን ጊዜ ለምን እንደዋሸ ለኢንስፔክተሩ ገባው። ወደ ግቢው ይዞት ሊወጣ ሲል ሚስትየው ቀደመችው።

"ተወው፣ አታስጨንቀው" አለች። "እኔ አውቄያለሁ። ቁጥሯን ስልኩ ላይ አይቼዋለሁ። ቤቷም ሄጄ ነበር።"

"መቼ?"

"ቅዳሜ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ።"

ጥርስ ሠሪው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

ሚስትየው ሳትደብቅ ሁሉንም ተናገረች። ለአንድ ሳምንት እንቅልፍ አጥታለች። ባሏ ማታ ማታ ወርክሾፑ ውስጥ ሲያመሽ በመስኮት ታየው ነበር፤ አንዲት ጥርስ አጉሊ መነፅር ሥር አስቀምጦ በጭራ ብሩሽ ሲቀባት፣ ሲያጠፋት፣ እንደገና ሲቀባት። ለእሷ እንዲህ ተጠብቦ ያደረገላት ነገር አልታወሳትም። ሄዳ ልትሰድባት፣ ጠጉሯን ልትይዛት ቆርጣ ነበር። ሳቂታ በሩን ስትከፍትላት ማን እንደሆነች ወዲያው አወቀቻትና እንኳን መጣሽ አለቻት። ሻይ አፈላች። ጥርሷን ገልጣ አሳየቻት። አፌን በእጄ ሸፍኜ መዳር ስላልፈለግሁ ነው አለቻት፤ ሌላ ሰው ይሥራው ብል ቀለሙ አይገጥምም፣ ይቺን ጥርስ ከእሱ በቀር የሚያውቃት የለም። ዛሬውኑ ለእጮኛዬ እነግረዋለሁ፣ ተደብቄ አላገባም አለች።

"ልጣላት ሄጄ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ" አለች ሚስትየው። እንባዋ መጣ። "ዘጠኝ ተኩል ላይ ወጣሁ። ከዚያ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ብቻዬን ዝም ብዬ በመንገድ ስሄድ ነበር። ማንም አላየኝም። ያው እንግዲህ።"

ኢንስፔክተሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቷል፤ ግማሹ ውሸት ነው። ይህቺ ሴት ግን የተናገረችው ሕመም ለእሱ እንግዳ አይደለም። እሱ ራሱ አንድ ዘመን የሚስቱን ስልክ ተደብቆ ያየ፣ ሳምንት ሙሉ ከሥራዋ ደጃፍ ጥግ ይዞ የጠበቃት ሰው ነው። ምንም አላገኘም። ምንም አለማግኘቱ ደግሞ ይብሱን አነደደው። ሚስቱ ዛሬ ከእህቷ ጋር ነው የምትኖረው።

ቢሆንም ሥራው ሥራ ነው። እጇን አስዘርግቶ በአውራ ጣቷና በሌሎቹ መካከል ያለውን ለካ። ሰኞ ጠዋት አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም የሟቿ ጉንጭ ላይ ካለው ምልክት ጋር አስተያይቶ አይገጥምም አለ፤ የያዛት እጅ በጣም ይሰፋል። የጥርስ ሠሪውም ነገር ተጣራ። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ያለ ክሊኒክ የሠራውን ሲያስረክብ ፈርሟል፣ ሦስት ሰውም አይቶታል።

*

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሩ ወርክሾፑ ተመለሰ። ያልገባው አንድ ነገር ነበር። ሴራሚክ ካልነጣ፣ እሺ፣ በነበረበት ይቀራል። ታዲያ ቡናማ ለምን ይሆናል?

ጥርስ ሠሪው ከመሳቢያው ፖስታ አወጣ። ከሳቂታ አፍ ያወለቀው አሮጌው ጥርስ ነው።

"እኔም ይኼ ነው ያንገበገበኝ" አለ። ሁለት ነገር ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ ያንን ጥርስና ከምድጃ የወጣ አዲስ ጥርስ። በሁለቱም ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ጠብ አደረገና በጨርቅ ጠረጋቸው። አዲሱ እንደ ብርጭቆ ጠራ። አሮጌው ቀለሙን ጠጥቶ ቀረ።

ሴራሚክ ከምድጃ ሲወጣ ከላዩ እንደ መስታወት ያለ ስስ ሽፋን አለው አለ። ሻይም ቡናም ላዩ ላይ ተንሸራትቶ ያልፋል። ይህቺ ጥርስ ስምንት ዓመት ስትኖር ምንም አልሆነችም። አጉሊ መነፅሩን ለኢንስፔክተሩ ሰጠው። ጥርሱ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰመሩ ጭረቶች ይታያሉ።

"የመሣሪያ ጭረት ነው። ያነጣላት ሐኪም ሽፋኑን መጀመሪያ ሞርዶታል። ከዚያ የማንጫውን ጄል ቀብቶ አቆይቶበታል፣ ያውም ደጋግሞ። ጄሉ ሴራሚክ አያነጣም፣ እንዲህ የተላጠውን ግን ያሻክረዋል። የሻከረ ነገር ደግሞ የተጠጣውን ሁሉ ይይዛል። ተማሪ እንኳ ሴራሚክ ላይ ጄል አያስቀምጥም፣ ይሸፍነዋል።"

"በስህተት ሊሆን አይችልም?"

"አንዴ በስህተት ይሆናል።"

ኢንስፔክተሩ ጥርሱን አገላብጦ አየው። ነጭ ነጥብ የለበትም። ስለ ነጥቧ ጠየቀ። ጥርስ ሠሪው እንደማፈር አለ። ጎን ያለው የተፈጥሮ ጥርሷ ላይ ድሮም ነጥብ ነበረች፣ አትታይም እንጂ፤ ጥርሱ ሲነጣ ነጥቧ አብራ ጎላች። ስለዚህ አዲሱ ላይም እሷን የምትመስል ቀባ። ቀባና ምድጃ ከተተው። ያ የሆነው ዓርብ ማታ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ገጠመላት። ብቻችንን አልነበርንም አለ፤ እናቷ አብረዋት መጥተው ነበር።

ማክሰኞ ኢንስፔክተሩ የባንክ ሠራተኛዋን ቤቷ ድረስ ሄዶ አገኛት። ከሥራ ቀርታለች። የፊት ድዷ ነጭ ሆኖ ተልጧል፣ ለብ ያለ ውኃ እንኳ በጎን በኩል ነው የምትጠጣው። ቀድሞ ሁለት ጊዜ አንጥታለች፣ እንዲህ ሆና አታውቅም።

"ቅዳሜ ዶክተሩን አይተሽዋል?" አላት።

"ነበረ እኮ።"

"በዓይንሽ?"

አሰብ አደረገች። ጥርስ የሚያነጣው ብርሃን ዓይን እንዳይጎዳ ጥቁር መነፅር ያለብሷታል፤ አፏም በመወጠሪያ ስለተያዘ አትናገርም። ሙዚቃ ተከፍቶ ነበር። ሌላ ጊዜ በየአሥራ አምስት ደቂቃው እየመጣ ጄሉን ጠርጎ አዲስ ይቀባል። ቅዳሜ አንዴ ቀባ፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ አልመጣም። ድዷ ሲያቃጥላት በእጇ ወንበሩን መታች፤ የመጣ ግን የለም።

"ዘፈኑን ቆጥሬያለሁ" አለች። "ሰባት ዘፈን አልፏል።"

*

ረቡዕ ጠዋት ሐኪሙ ቃሉን እንዲፈርም ጣቢያ ተጠራ። ኢንስፔክተሩ በያዘው ነገር ሐኪሙ ከክሊኒኩ መውጣቱን ማሳየት ይችላል፤ ሳቂታ ቤት መግባቱን ግን ያየ ሰው የለም። ስለዚህ ወረቀቱን ከፊቱ አስቀምጦ፣ እንደ ሥራ ፈት ሰው ስለ ጥርስ ሠሪው ማውራት ጀመረ። ሰውየውን ለቀነዋል አለ። ሲያዩት ጨዋ ነው። ስለ ሳቂታም ብዙ ነገር አጫወተኝ፤ ስለ ብስክሌቱ፣ ድሮ ስለሚሄዱበት ቦታ።

ሐኪሙ ብዕሩን አንስቶ ገጹን እያነበበ ነበር። ማንበቡን ግን አቁሟል።

"ለነገሩ እጀ ወርቅ ነው" አለ ኢንስፔክተሩ። "የሠራላትን ጥርስ ከተፈጥሮዋ ማንም አይለይም አሉ። ሐኪም እንኳ አይለይም።"

"እጀ ወርቅ?" አለ ሐኪሙ። "ከጎኗ ያለውን ነጭ ነጥብ ገልብጦ ስለለጠፈ ነው እጀ ወርቅ የሚባለው? ማንኛውም ቀለም ቀቢ ይሠራዋል።"

ኢንስፔክተሩ የሐሙሱን ፎቶግራፍ ከፋይሉ አውጥቶ አስቀመጠ፣ አጠገቡም አሮጌውን ጥርስ።

"ነጥቧን ያሳዩኝ" አለ።

ሐኪሙ አየ። ፎቶው ላይ ነጥብ ያለው የተፈጥሮው ጥርስ ብቻ ነው። ቡናማው ላይ የለም። አሮጌው ጥርስም እንደዚያው ነው።

"ነጥብ ያለበት ጥርስ አፏ ውስጥ የገባው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አስከሬኗን አላዩም። እኛም ለማንም አልተናገርንም። እርስዎ ደግሞ ከሐሙስ ወዲህ አላየኋትም ብለው ሊፈርሙልኝ ነው።"

ሐኪሙ ብዕሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ከዚያ ማንም ሳያስገድደው ተናገረ፤ ብዙ ቀን የተሸከመውን ያወረደ ይመስል ነበር።

ከተዋወቁባት ቀን ጀምሮ ያቺን ጥርስ ማየት አይችልም ነበር። ሙያው ነውና ሰው አፉን ሲከፍት ቀድሞ የሚያየው ጥርስ ነው። ሳቂታ ደግሞ ሁልጊዜ ትስቃለች። በሳቀች ቁጥር ከፊቷ የሚያየው የሌላ ወንድ እጅ ነው። ቀይሪው ቢላት ምን ሆነና አለችው። ሌሎቹን አንጥቶ ሊያሳጣው አሰበ፤ ሴራሚክ እንደማይነጣ ያውቃል። የመጀመሪያ ቀን ልዩነቱ ብዙም አልታየም። በሁለተኛው ሽፋኑን ሞረደው፤ ጄሉን ከሌሎቹ ይልቅ እሱ ላይ አበዛው። በሦስተኛው ጥርሱ ቡናማ ሆነ።

"አፏን በእጇ መሸፈን ጀመረች" አለ። "አዩ፣ ስትሸፍነው ደስ አለኝ። አሁን ራሷ ትጠላዋለች አልኩ።"

ቅዳሜ ደውላ ና፣ የማሳይህ አለኝ አለችው። ስለ አዳራሹ አይደለም የደወለችው። የባንክ ሠራተኛዋን ብርሃን ሥር ትቷት፣ ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ በኋላ በር ወጣ። ሳቂታ አፏን በእጇ ሸፍና በሩን ከፈተችለት፤ ከዚያ እጇን አነሳችና አሳየችው። ሌላ ሰው ቢሆን ቆንጆ ጥርስ ነው የሚያየው። እሱ ግን ማን እንደሠራው ወዲያው አወቀ። የሰው የእጅ ጽሑፍ እንደሚታወቅ አወቀው። ቀርቦ ለማየት አገጯን ያዘ፤ ስትታገለው አጥብቆ ያዘ። ተላቃ ወደ ደረጃው ሮጠች። እዚያ ክንዷን ያዛት፣ ጎተተችው።

በጠዋቱ ቃሉ ለቀቅኳት አለ። ከሰዓት በኋላ እንደገና ሲጠየቅ ግን ገፋኋት አለ።

ቃሉ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ፖሊሶች ሊወስዱት ሲመጡ ሐኪሙ ከወንበሩ አልተነሳም። አንድ ነገር ልጠይቅ አለ። ኢንስፔክተሩ ስለ ጠበቃ ወይም ስለ ቤተሰቦቹ የሚጠይቅ መስሎት ጠይቅ አለው። አንቱታው ቀርቷል።

"እሱ ጋ" አለ ሐኪሙ። "ጥርሱን ሲገጥምላት። መስታወት ስታይ ሳቀች?"

ኢንስፔክተሩ መልሱን ያውቃል። ማክሰኞ ማታ የሳቂታ እናት አንደበታቸው ተፈትቶ ነግረውታል። መስታወቱን የያዙላት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው መጀመሪያ ከንፈሯን ገጥማ ቆየች፣ ፈርታ። ከዚያ ገለጥ አድርጋ አየችና ሳቀች፤ እናቷም ሳቁ፣ ጥርስ ሠሪውም ጭምር ሳቀ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር አሉ እናትየው፤ ወደ ቤት ስንሄድ በመንገድ ላይ ያገኘችውን ሰው ሁሉ በሳቅ ሰላም ትል ነበር።

"አላውቅም" አለው ኢንስፔክተሩ። "እዚያ አልነበርኩም።"

ፋይሉን ዘጋና ውሰዱት አለ።